የዱቤ ደብተሩን አትናቂው

ጥያቄው ከደሴ የመጣ ነው፦ «ዕድሜዬ 27 ነው። በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ በአጎቴ የእህል መጋዘን ሒሳብ እይዛለሁ። እስካሁን ሦስት አፕ ሠርቻለሁ፦ የታክሲ መጥሪያ፣ የምግብ ማድረሻና አስጠኚ ማፈላለጊያ። ከጓደኞቼ በቀር ማንም አልተጠቀመባቸውም። ሐሳቡ እንዳይሰረቅብኝ እስኪያልቁ ድረስ ለማንም አላሳየሁም። አሁን አራተኛ ሐሳብ እየፈለግኩ ነው፤ ግን ምንም አልመጣልህ አለኝ። ፈጠራ ከተፈጥሮ ነው ወይስ ይለመዳል? አሥር ሺህ ሰዓት የሠራ ሰው ሊቅ ይሆናል ሲባል እሰማለሁ፤ እውነት ነው? አጎቴ 300 ሺህ ብር ልስጥሽና ድርጅት ክፈቺ ይሉኛል። ጓደኞቼ ደግሞ ደሴ ቁጭ ብለሽ የትም አትደርሺም፣ አዲስ አበባ ግቢ ይሉኛል። ለመጋዘኑ ዱቤ የሚመዘግብ ትንሽ ፕሮግራም ሠርቼ አጎቴ ከዓመት በላይ ይጠቀሙበታል፤ ግን ይሄ እንኳን ፈጠራ አይባልም።»

ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገርሽ ልጀምር። አጎትሽ ከዓመት በላይ የሚጠቀሙበት ፕሮግራም ሠርተሻል። ሦስቱ አፖችሽ የማያውቅሽን አንድ ሰው እንኳ ይዘው አልቆዩም። ይሄኛው ግን ብር የሚንቀሳቀስበት መጋዘን ገብቶ ቦታ ይዟል። ስለዚህ አራተኛ ሐሳብ ፍለጋውን አቁሚ። ሐሳቡ እጅሽ ላይ አለ፤ የቀረሽ እሱ ላይ መቆየት ነው። ለምን እንደዚህ እንደምል ላስረዳሽ። የውጭዎቹን ዓመታት በፈረንጅ፣ የአገራችንን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

አንቺ ፈጠራ የምትዪው ማንም ያላሰበው ነገር ድንገት ብልጭ ሲልልሽ ነው። ስለ ቴክኖሎጂ ባለሀብቶች የሚወራውም ይህንኑ ነው። ስቲቭ ጆብስ ኮሌጅ አቋርጦ፣ ጋራዥ ገብቶ ዓለምን ቀየረ ይባላል። ታሪኩ ሲያጥር መሃሉ ይጠፋል። ጆብስ በ1985 ራሱ ከመሠረተው ከአፕል ተገፍቶ ወጣና ኔክስት የሚባል ኩባንያ አቋቋመ። ኮምፒውተሩ ውድ ነበር፤ ገበያ አላገኘም። በኋላ ማሽን መሥራቱን ትተው ሶፍትዌሩን ብቻ ይዘው ቀሩ። አፕል ኔክስትን ለመግዛት የተስማማው በ1996 መጨረሻ ነው። የአፕል ኮምፒውተሮች የሚሠሩበት ሥርዓት፣ የማክ ኦኤስ ኤክስ፣ መሠረት የሆነው ያ ሶፍትዌር ነው። በ2007 የወጣው አይፎን የሚሠራበት ሥርዓትም ከዚያው የተቀዳ ነው። ከኔክስት እስከ አይፎን ከ20 ዓመት በላይ አለ። ይሄን የሚያወራ የለም፤ ለማውራትም አይመችም።

ላንቺ ግን ከጆብስ ይልቅ የሚጠቅምሽ የባልደረባው የስቲቭ ቮዝኒያክ ነገር ነው። ሃይስኩል እያለ ኮምፒውተር መግዛት ቀርቶ ቺፑን እንኳ መግዛት አይችልም ነበር። የዘመኑን ሚኒ ኮምፒውተሮች መመሪያ ከተገኘበት እየፈለገ ማሽኖቹን በወረቀት ላይ እንደገና ይነድፍ ነበር። ጨርሶ አይተውም። ያንኑ ማሽን ባነሱ ቺፖች ደግሞ ይሞክራል። የሚከፍለው ሰው የለም፤ የሚገነባውም ማሽን የለም። በ1976 የአፕል የመጀመሪያው ኮምፒውተር አፕል 1 ሲወጣ ቮዝኒያክ የሂውሌት ፓካርድ የካልኩሌተር መሐንዲስ ነበር። እሱን በዓለም ያስደነቀው ችሎታ በጥቂት ቺፕ ብዙ መሥራቱ ነው። ያ ደግሞ ገንዘብ ስላጣ በወረቀት ላይ ለዓመታት ሲለማመደው የኖረው ነገር ነው። የታወቀ ማሽን ወስዶ፣ ራሱን በጠባብ ገደብ አስሮ ደጋግሞ ሠራ። አዲሱ ነገር የወጣው ከዚያ ነው።

ይሄ ለወሎ ሰው እንግዳ መሆን አልነበረበትም። ዋድላ ደላንታ የቅኔ አገር ነው። የቅኔ ተማሪ መንፈሱ እስኪመጣ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ እያደገ ሄዶ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። ዜማው ልክ አለው፤ ቤቱ ልክ አለው፤ ሰዋስዉ ከተበላሸ ምስጢሩ አያድነውም። ተማሪው ለብቻው ገለል ብሎ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ማለትም ያዘጋጃል፤ ከዚያ መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ እዚያው ያርምለታል፣ ካልሆነም ይጥልበታል። የሰው ቅኔ ደግሞ ማቅረብ ያስነውራል። በሌላ አነጋገር አዲስ ነገር መፍጠር በየዕለቱ የሚሰጥ የቤት ሥራ ነው ማለት ነው። የእስልምና ተማሪው ደረሳውም ቢሆን ነሕው (የዐረብኛ ሰዋስው) ሊቀራ አንዱ ሼህ ዘንድ፣ ፊቅህ (የሃይማኖቱን ሕግ) ሊቀራ ሌላው ዘንድ እየሄደ ዓመታት ይቀመጣል። በሁለቱም ትምህርት ቤት ተሰጥኦ የለም የሚል አታገኚም። ተሰጥኦ ብቻውን ያደርሳል የሚልም አታገኚም።

ስለዚህ «ተፈጥሮ ነው ወይስ ይለመዳል» ላልሽው፣ ሁለቱም አሉበት። ነገር ግን ከተፈጥሮ ምን ያህል እንደተሰጠሽ አስቀድመሽ መለካት አትችይም። የሚታወቀው አንድ ነገር ላይ ረጅም ጊዜ ሠርተሽ ስታዪው ነው። ሦስት ነገር ጀምሮ የተወ ሰው ስለ ተሰጥኦው ምንም የሚያውቀው ነገር የለም፤ በጎም ሆነ ክፉ።

አሥር ሺህ ሰዓት የሚባለው ቁጥር ከየት እንደመጣ ልንገርሽ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አንደርስ ኤሪክሰንና ባልደረቦቹ በ1993 በርሊን ውስጥ ባሉ የቫዮሊን ተማሪዎች ላይ የሠሩትን ጥናት አሳተሙ። ከሁሉ የላቁት ተማሪዎች 20 ዓመት እስኪሞላቸው በአማካይ 10,000 ሰዓት ያህል ለብቻቸው ተለማምደው ነበር። አማካይ ነው፤ ከዚያ በታች የሆኑም ነበሩ። ደግሞም ገና ተማሪዎች ናቸው፤ ሊቅ አልተባሉም። አማካዩን ሕግ ያደረጉት ኋላ የመጡ ጸሐፊዎች ናቸው፤ ኤሪክሰን ራሱም ተቃውሞታል። እሱ ያለው ስለ ሰዓቱ ዓይነት ነው። ደካማ ጎንሽን ለይተሽ፣ ከአቅምሽ ትንሽ ከፍ ያለ ነገር መርጠሽ፣ ስሕተትሽን የሚነግርሽ ሰው አጠገብሽ ኖሮ የምትሠሪው ሰዓት ነው የሚቆጠረው። የለመድሽውን መደጋገም እዚህ ውስጥ አይገባም።

ይሄም ቢሆን ገደብ አለው። በ2014 የወጣ፣ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ አለ። በሰዎች መካከል ካለው የችሎታ ልዩነት እንዲህ ያለው ልምምድ የሚያብራራው በጨዋታ 26 በመቶ፣ በሙዚቃ 21 በመቶ፣ በስፖርት 18 በመቶ ሆኖ ተገኘ። በሥራ ዓለም ግን ከ1 በመቶ በታች ነው። በሥራ ላይ ችሎታን መለካቱ ራሱ ከባድ ስለሆነ የመጨረሻዋን ቁጥር በጥንቃቄ ያዣት። ሆኖም ምክንያቱን መገመት ይቻላል። የቼዝ ሕግ አይለወጥም፤ ስትሳሳቺም ወዲያው ትበያለሽ። ንግድ ውስጥ ሕጉም ዋጋውም ይለወጣል፤ ስሕተትሽን የምታውቂው ከስድስት ወር በኋላ ሊሆን ይችላል፣ ላታውቂውም ትችያለሽ። ለቴክኖሎጂ ሥራ ፈጣሪ ሰዓት መቁጠር ብዙም የማይጠቅመው ለዚህ ነው። ዋናው ሥራ በመሥራትና በመታረም መካከል ያለውን ጊዜ ማሳጠር ነው።

አሁን ሦስቱን አፖችሽን በዚህ ዓይን እይ። ብዙ ሌሊት እንዳፈሰስሽባቸው እርግጠኛ ነኝ። ግን ሦስት ጊዜ የተለማመድሽው መጀመሪያውን ብቻ ነው። መግቢያ ገጽ፣ የይለፍ ቃል፣ ሎጎ፣ ቀለም። ከባዱ ነገር የሚመጣው የማያውቅሽ ሰው መጠቀም ሲጀምር ነው፤ እዚያ አልደረስሽም። ደግሞም ሐሳቦቹ የአዲስ አበባ ናቸው። የታክሲ መጥሪያው ራይድ የመጣው አዲስ አበባ ላይ ታክሲ ማግኘት መከራ ስለሆነ ነው፤ እሱም ቢሆን ስማርት ስልክ ለሌለው ሰው 8294 ብሎ የሚደውልበት መስመር አለው። ደሴ ላይ ግን እጅሽን ስትዘረጊ ባጃጅ ይቆማል። ስለ ምግብ ማድረሻው ብዙ አልልም፤ አንቺም የምታውቂው ይመስለኛል።

በስልክ ገንዘብ የሚላክበት ኤም ፔሳ እንዴት እንደተጀመረ ብታዪ ይገርምሻል። በ2005 ኬንያ ውስጥ ሙከራው ሲጀመር የታሰበው የብድርና ቁጠባ ደንበኞች ብድራቸውን በስልክ እንዲመልሱ ነበር። ሠሪዎቹ ሲከታተሉ ሰዎች ብድር ከመመለስ አልፈው ገንዘቡን እርስ በርስ ሲላላኩበት አዩ። በ2007 በይፋ ሲወጣ «ብር ወደ ቤት ላክ» የሚል አገልግሎት ሆኖ ወጣ። ሙከራውን ቀርቦ የሚከታተል ሰው ባይኖር ኖሮ ያ ነገር እንደ ብልሽት ታይቶ ይስተካከል ነበር።

«የዱቤ ደብተር ደግሞ ምን ፈጠራ አለው?» ትዪኝ ይሆናል። እስቲ ከአንድ ነጋዴ ደብተር አንድ መስመር እንውሰድ፦ «ሰይድ፣ 4 ኩንታል ጤፍ፣ ግማሹን ሰጥቷል፣ ቀሪው ለአረፋ።»

የትኛው ሰይድ? ደሴ ገበያ መሃል ቆመሽ «ሰይድ!» ብትዪ ስንት ሰው እንደሚዞር ታውቂያለሽ። ነጋዴው «ሰይድ የኩታበሩ»፣ «ሰይድ ረጅሙ» እያለ ይለያል። ፕሮግራምሽ ምናልባት «ስም» እና «የአባት ስም» የሚሉ ሳጥኖች አሉት። ነጋዴው የብዙ ደንበኛውን የአባት ስም አያውቅም፤ ሰፈሩን ነው የሚያውቀው። በስልክ ቁጥር ልለይ ብትዪ ደግሞ አባትና ልጅ በአንድ ስልክ ይገበያያሉ። ቀጥሎ «ለአረፋ» አለ። ይሄ ቀን አይደለም፤ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ የሚሸሽ በዓል ነው። ሌላው «ለሰኞ ገበያ»፣ ሌላው «ለገና» ይላል። ፕሮግራምሽ በፈረንጅ ቀን ሙላ ካለ አጎትሽ ዝም ብለው የሆነ ቀን ይሞላሉ፤ ማስታወሻው ደግሞ በተሳሳተ ቀን ይጮሃል። ጳጉሜን ላይ ምን እንደሚሆን ፈትሸሻል? አምስት ቀን ወይም ስድስት ቀን ያላት ወር የማያውቅ ኮድ ብዙ አለ።

ስም መፈለጊያውን ደግሞ እይ። የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው፣ ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደሎች በቁጥር በሚለዩበት መዝገብ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር አገኘ። ለኮምፒውተሩ ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስት የማይዛመዱ ነገሮች ናቸው። አጎትሽ «ሀሰን» ብለው መዝግበው ሠራተኛው «ሐሰን» ብሎ ሲፈልግ ፕሮግራሙ «የለም» ይላል። ዕዳው ግን አለ። አንድ ቀን እንደዚህ የተሳሳተበት ነጋዴ ወደ ደብተሩ ይመለሳል፤ ምክንያቱንም አይነግርሽም። ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን ሲፈልግ አንድ የሚያደርግ፣ ሲያሳይ ግን ነጋዴው የጻፈውን ሳይነካ የሚተው መፈለጊያ መሥራት የአንድ ወር ሥራ ይሁንልሽ። ሠርተሽ ስትጨርሺ እንደገና ሥሪው፤ ርካሽ ስልክ ላይ ሳይንቀራፈፍ እስኪሄድ።

«ግማሹን ሰጥቷል» የሚለውም ቀላል አይደለም። ለማን ሰጠ? በጥሬው? በባንክ? ቴሌብር ግንቦት 2013 ከመጣ ወዲህ ከአንድ ዕዳ ላይ ጥቂቱ በስልክ፣ ጥቂቱ በሾፌር እጅ ይመጣል። ሾፌሩ ሰጥቻለሁ ይላል፤ መጋዘኑ አልተቀበልኩም ይላል። ፕሮግራምሽ ማን ተቀበለ፣ ማን መሰከረ የሚለውን ካልያዘ የጠብ ምንጭ ይሆናል። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ኔትወርክ ሲጠፋ ነው። አጎትሽ በራሳቸው ስልክ «ከፍሏል» ብለው ይመዘግባሉ፤ ሠራተኛው በሌላ ስልክ አዲስ ዱቤ ይጨምራል፤ ማታ መስመሩ ሲመለስ የማን መዝገብ ይጸናል? ይሄን በትክክል የፈታ ሰው የትም ቦታ እንጀራ አያጣም። ስለ መጠባበቂያ ቅጂም ለደሴና ለኮምቦልቻ ነጋዴ ብዙ ማስረዳት አያስፈልግሽም። በ2014 ጦርነቱ ሲደርስ ሱቅና መጋዘን ተዘርፏል፤ ደብተር የሚገኘው ደግሞ ሱቅ ውስጥ ነው።

እነዚህን ነገሮች ጎበዝ ፕሮግራመር ስለሆነ ብቻ የሚያውቃቸው የለም። አንቺም ግማሾቹን የምታውቂያቸው መጋዘን ውስጥ ስለምትውዪ ነው። ብልጭ የሚለው ሐሳብ እንግዲህ የሚመጣው እዚህ ነው፤ ነገሩን በደንብ ከማወቅሽ የተነሣ አንድ ያልገጠመ ነገር ዓይንሽ ውስጥ ሲገባ።

«ሐሳቤ ይሰረቃል» የሚለውን ፍርሃት ተይው። ሐሳብ በሕግ የሚጠበቅ ንብረት አይደለም። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ይጠብቃል፤ የሚጠብቀው ግን የጻፍሽውን ኮድ እንጂ ሐሳቡን አይደለም። በፈጠራ አዋጁ በቁጥር 123/1987 ደግሞ የኮምፒውተር ፕሮግራም ፓተንት አይሰጠውም። በሕግ የሌለ አጥር እየጠበቅሽ ዓመታት ማንም ሳያርምሽ ሠራሽ። ይሄ ከማንኛውም ሌባ የበለጠ ጎድቶሻል። የደሴን የእህል ነጋዴ አሥር ልማድ የሚያውቅ ሰው ሐሳብሽን ቢሰርቅ እንኳ አንቺን ለመድረስ ዓመት ይፈጅበታል፤ የማያውቅ ቢሰርቀው ምንም አያደርገው።

ዕድሜሽም አያስጨንቅሽ። ሃያዎቹ ካለፉ አበቃ የሚለው ወሬ ከጥቂት ታዋቂ ሰዎች የተወሰደ ነው። 2.7 ሚሊዮን የአሜሪካ ኩባንያ መሥራቾችን የተከታተለ ጥናት፣ እጅግ በፍጥነት ያደጉትን ኩባንያዎች የመሠረቱት ሰዎች በመሠረቱበት ጊዜ አማካይ ዕድሜያቸው 45 እንደነበር አሳይቷል። በዚያው ዘርፍ ቀድሞ የሠራ ሰው የመሳካት ዕድሉም ከፍ ያለ ነው። አሜሪካ ደሴ አይደለችም፤ ቁጥሩን እንደ ሕግ አትውሰጂው። ግን አልረፈደብሽም።

የአጎትሽን 300 ሺህ ብር አትቀበዪ። ይሄን በጠንካራው እመክርሻለሁ። ብሩ ሲገባ ቢሮ ይከራያል፣ ወንበር ይገዛል፣ ማስታወቂያ ይሠራል፤ ፕሮግራሙ ግን አይሻሻልም፣ ምክንያቱም የጎደለው ገንዘብ አይደለም። ቢጠፋ ደግሞ የሚጠፋው ከቤተሰብ ነው፤ ያ ዕዳ ደብተር ላይ ባይጻፍም አይረሳም። አጎትሽን በምትኩ ሁለት ነገር ጠይቂያቸው። አንደኛ፣ እንደ ማንኛውም ደንበኛ በየወሩ ይክፈሉሽ፤ ትንሽም ቢሆን። ያለ ክፍያ የሚጠቀም ዘመድ ጉድለቱን አይነግርሽም፣ ያዝንልሻል። ሁለተኛ፣ አራት ነጋዴዎች ጋ ይዘውሽ ይሂዱ። ነጋዴ የዕዳ መዝገቡን ለማያውቀው ሰው አይከፍትም። እዚህ ላይ ከ300 ሺሁ የሚበልጠው የአጎትሽ ስም ነው። የግድ ገንዘብ ማውጣት ካለብሽ ነጋዴዎቹ የሚይዙትን ዓይነት ሁለት ያገለገሉ ርካሽ ስልኮች ግዢ። ላፕቶፕሽ ላይ የሚሮጥ ነገር እዚያ ላይ ሲሄድ እዪው።

አዲስ አበባን በተመለከተ ጓደኞችሽ ግማሽ እውነት አላቸው። ገንዘብ የሚያፈስሱ ሰዎች፣ ትልልቅ ሶፍትዌር ቤቶች፣ የበሰሉ ፕሮግራመሮች በብዛት ያሉት እዚያ ነው። ግን አሁን የሚያስፈልጉሽ ነጋዴዎች ያሉት ደሴ ነው። 400 ኪሎ ሜትር ርቀሽ የሰኞ ገበያን ግርግር ልታዪ አትችይም። ሂጂ፣ ጎብኚ፣ ሰው ተዋወቂ፤ ቤት ግን አትከራዪ። ኮድሽን የሚያይልሽ ሰው ከፈለግሽ ኮምቦልቻ ያለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ታክሲ ተሳፍረሽ የምትደርሺበት ነው። አንድ መምህር ወይም አንድ የበሰለ ባለሙያ በወር አንድ ጊዜ ኮድሽን እንዲያይና እንዲጥልብሽ ለምኚ። የሚያሞግስሽን አትፈልጊ። ለንግዱ ደግሞ ሌላ ሃያሲ ያስፈልግሻል፤ በእኔ ግምት ከአጎትሽ ይልቅ የአጎትሽ ተፎካካሪ ይሻላል።

ስለ ስልጠና አንድ ቃል። ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ ያለው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም በነጻ መሠረቱን ለሚጀምር ሰው ጥሩ ነው። አንቺ ግን ተመርቀሻል፤ ሰርተፊኬት መሰብሰብ ሥራን ማምለጫ እንዳይሆንብሽ ተጠንቀቂ። ቻትቦትም እንዲሁ። ኮድ ቶሎ ይጽፍልሻል፤ ችግሩ ያልገባሽን ነገር ይዘሽ መሄድሽ ነው። ቅደም ተከተሉን ገልብጪው፦ መጀመሪያ ራስሽ ጻፊ፣ ከዚያ ስሕተት እንዲፈልግልሽ ስጪው። ሁለት ስልክ የሚያስታርቀውን ክፍል ግን ለማንም አትተዪ፤ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሒሳብ ሲሳሳት የምትጠየቂው አንቺ ነሽ። የነጋዴዎቹን ስምና ዕዳም በምንም ምክንያት ቻትቦቱ ውስጥ አታስገቢ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱን አትርሺ። ከሕጉ በፊት ደግሞ ገበያው አለ፤ የአንዱ ዕዳ ለሌላው እንደታወቀ ከተወራ ደሴ ላይ ዳግም የሚያምንሽ የለም።

እንግዲህ የምመክርሽ ይህ ነው። ሥራሽን ሳትለቂ ሁለት ዓመት በዚህ አንድ ነገር ላይ ተቀመጪ። ሦስቱን አፖች ዝጊያቸው፤ «ሲመቸኝ እመለስበታለሁ» አይሠራም። አምስት የእህል መጋዘን ብቻ ያዢ። አንድ ሰው መጥቶ ለከብት ነጋዴም ይሁን ይልሻል። ባቲ የሰኞ ገበያ ላይ ግመልና ፍየል የሚያገበያየው ሰው ዓለሙ ሌላ ነው፤ ለጊዜው አትንኪው። በሳምንት ግማሽ ቀን ከአምስቱ ባንዱ መጋዘን፣ በገበያ ቀን፣ ጥግ ይዘሽ ተቀመጪ። አታስተምሪ፤ አትከራከሪ። ነጋዴው ስልኩን ትቶ እጁን ወደ ደብተሩ የሚሰድበትን ጊዜ ብቻ ጠብቂ፤ ምን ሊጽፍ እንደነበረ መዝግቢ። የሳምንቱ የቤት ሥራሽ ያ ነው። ከዝርዝሩ አንዱን ብቻ መርጠሽ አስተካክለሽ በሚቀጥለው ገበያ ይዘሽ ተመለሺ።

ሀብት ይመጣል ብዬ አልዋሽሽም። ሃያ ነጋዴ በወር 500 ብር ቢከፍልሽ 10,000 ብር ነው፤ ወጪሽ ሲነሣ ደመወዝ አይተካም። የወሎ የእህል ነጋዴ ቁጥር ገደብ አለው፤ አንዳንዱ መዝገቡ እንዲታወቅ አይፈልግም፣ ከግብር ጋር አያይዞ ይፈራል። መብራትና ኔትወርክም ባንቺ እጅ አይደሉም። የተካነ ሰው ሁሉ ገበያ አያገኝም፤ ሙያና ገበያ ለየብቻ የሚገኙ ነገሮች ናቸው። ሁለት ዓመት ሞልቶ ከአምስቱ መጋዘኖች ሦስቱ ሳትለምኛቸው እየከፈሉ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ከአጎትሽ ጋር ስለ ብር ተነጋገሪ፤ ያኔ ብሩ ምን ላይ እንደሚውል ታውቂያለሽ። ካልከፈሉ ደግሞ ፕሮግራሙን ለአጎትሽ ትተሽላቸው ሥራ ፈልጊ። የአማርኛ ስም መፈለጊያ የሠራች፣ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አገር የሁለት ስልክ ሒሳብ ያስታረቀች ልጅ፣ ባንክም ሆነ ሶፍትዌር ቤት ቃለ መጠይቅ ላይ የምታሳየው ነገር አላት።